«ልጄ፣ አንተ ብትሞትስ?»

መርካቶም ይሁን ፒያሳ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትቆሙ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ ጥያቄ አለ። «ይሄ ከዚያኛው ጋር ይሄዳል?» አንዱ የተበጠሰ የቻርጀር ገመድ ይዞ ይመጣል። ሌላዋ ያለቀ የፕሪንተር ቀለም በፌስታል ጠቅልላ ትመጣለች። ሻጩ ዕቃውን አገላብጦ ያይና ወይ «ይሄዳል» ይላል፣ ወይ ደግሞ «እሱ እንኳ የራሱን ነው የሚፈልገው» ይላል። እናንተዬ፣ ይቺ «የራሱን ነው የሚፈልገው» የምትባል ነገር ስንቱን ኪስ እንዳራቆተች ቤት ይቁጠራት!

የኮምፒዩተር ሰዎች ይህንኑ ጉዳይ ከበድ ባለ ስም ይጠሩታል። «ክፍት ሲስተም» ይላሉ፣ «ኮምፓቲብል» ይላሉ። ነገሩ ግን ከማዕድ ቤታችን የራቀ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን ተመልከቱት። ሸክላው ከአንድ ቦታ ይመጣል። ሽቦው ከሌላ ሱቅ ይገዛል። ማቀፊያውን የሰፈሩ ብረት ሠራተኛ ይሠራዋል። ሶኬቱ ከየትም ተገዝቶ ይገጠማል። ሸክላው ቢሰነጠቅ ሸክላው ብቻ ይቀየራል፤ ሽቦው ቢቃጠል ጠጋኙ ይለውጠዋል። «ይሄን ምጣድ የሠራው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል» ተብሎ እንጀራ አጥቶ ያደረ ቤተሰብ ሰምቼ አላውቅም። መጠኑንና አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋላ! የማንም የግል ምስጢር አይደለም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ባቡር ያሳየናል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ጣሊያን በኤርትራ የዘረጋው ደግሞ ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር። ልዩነቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ናት፤ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። ሁለቱ ሐዲዶች አንድ ቀን ተገናኙ ቢባል እንኳ ያንዱ ባቡር በሌላው ላይ መሄድ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ ስፋቱ አንድ ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን በአዲሱ ላይ አይሄድም። ብረቱ ጠነከረ፣ ሞተሩ ጎለበተ፣ ስፋቱ ላይ ካልተስማሙ ሁሉም ከንቱ ነው።

እኛ ታዲያ ይህን የሐዲድ ታሪክ በፊደላችን ላይ ደግመነዋል። በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ በጀመርንባቸው ዓመታት የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ ለማያስታውሰው ወጣት ግን ነገሩ ወዲህ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ያስቀምጣል፣ ሲያሳየን ደግሞ ቁጥሩን አይቶ ሥዕሉን ያወጣል። ለእንግሊዝኛው ፊደል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስምምነት ተደርጓል፤ ትልቁ «ኤ» 65 ነው ተብሎ ተጻፈ፣ ሁሉም ተስማማ። ለእኛ ፊደል ግን በዚያን ጊዜ ማንም ቁጥር አልሰጠውም። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ሶፍትዌር የሠሩት ልጆቻችን አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የእንግሊዝኛውን ቁጥር ሳይነኩ ሥዕሉን ብቻ ቀየሩት። ኮምፒዩተሩ «ይቺ 65 ናት፣ ኤ ናት» ብሎ ያስባል፣ ስክሪኑ ላይ ግን የእኛ ፊደል ይወጣል። ብልሃት ነው መቼም!

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ቦታ አለመብቃቱ ነው። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ ኮምፒዩተሩ ለራሱ ጉዳይ የሚይዛቸው አሉ። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። እነ ቋና ሏ ሲጨመሩ፣ ሃያዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቤቱ ሞልተው ይፈሳሉ። እናም ብዙዎቹ ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፍሉት ነበር።

ሁለተኛውና ዋናው ችግር ግን ስምምነት አለመኖሩ ነው። አንዱ ሠሪ «ለ»ን በአንድ ቁጥር ላይ ሲያስቀምጣት ሌላው እዚያው ቁጥር ላይ «መ»ን ያስቀምጣል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ባለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የመናፍስት ቋንቋ ይሆናል። ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ጸሐፊ ፍሎፒ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ምን እንደጻፈ ሳይሆን «በምንድን ነው የጻፍከው?» ነበር።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል። እነዚያ ሠሪዎች ፊደላችንን ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒዩተር ያሻገሩ ባለውለታዎች ናቸው። ሁሉም የየራሱን መንገድ የጠረገው ዋና መንገድ ስላልነበረ ነው። ዳሩ ግን ሁሉም የየራሱን መንገድ ሲጠርግ ምን እንደሚመጣ እኔ በቤተሰባችን ጉዳይ አይቼዋለሁ።

አጎቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግድም የተወለደበትን ወረዳ ታሪክ ጽፎ ጨረሰ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ምንጩ ማን ይባል እንደነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ጊዜ ተቃጥሎ ስንት ጊዜ እንደተሠራ፣ ሁሉንም በእጁ ጻፈ። ከዚያም አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ወስዶ በኮምፒዩተር አስተየበው። ማሳተሚያ ገንዘብ ሲፈልግ ዕድሜው ቀደመው። ካረፈ ከዓመታት በኋላ የእጅ ጽሑፉ የተቀመጠበት ሳጥን ውኃ ገብቶበት እንደነበር አወቅን። የቀሩት ሦስት ፍሎፒ ዲስኮች ናቸው።

ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን ማግኘቱ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር፤ እሱን ልተወው። ተገኝቶ ሲከፈት ግን ስክሪኑ በላቲን ፊደል፣ በቅንፍ፣ በመቶኛ ምልክትና በዶላር ምልክት ተሞላ። መቶ ሠላሳ ገጽ ሙሉ! ፋይሉ አልተበላሸም። አንድም ፊደል አልጠፋም። ዝም ብሎ ቁጥሮቹ ተቀምጠዋል፣ የጠፋው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ስምምነት ነው። ሬሳ ሳጥኑ ደህና፣ ሬሳውም ደህና፣ ስሙ ግን ጠፋ እንደማለት ነው። ሶፍትዌሩን የሸጠው ቤት ከተዘጋ ቆይቷል።

አፈላልገን አፈላልገን አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ ኮምፒዩተሯን ያልጣለች አንዲት ታይፒስት አገኘን። ዋናው ፎንት እሷ ጋ ነበር። ፋይሉ ላይ ሲጫን የአጎቴ ድምፅ ከገጹ ተነሣ ልበላችሁ! ደስታችን ግን ብዙም አልቆየም። አጎቴ ዓመተ ምሕረትን በግዕዝ ቁጥር ካልሆነ አይጽፍም። የግዕዝ ቁጥሮቹ ደግሞ በሁለተኛው ፎንት ውስጥ ነበሩ፤ እሱን ታይፒስቷም ጥላዋለች። መጽሐፉ በሙሉ ተነበበ፣ ዓመቶቹ ብቻ እንደ ድሮው በላቲን ፊደልና በምልክት ቀሩ። ታሪክ ሆኖ ዘመን የሌለው።

ምን ይደረግ? እኔና የአጎቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ቁጭ አልንና እንቆቅልሹን መፍታት ጀመርን። «የዐድዋ ድል» ከሚለው ቀጥሎ አምስት ምልክት አለ። የዐድዋ ዓመት ይታወቃል፤ ፲፰፻፹፰ ነው። ሁለተኛውና አምስተኛው ምልክት አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ፰ ናት። ፲፣ ፻ እና ፹ም ተያዙ። «ጣሊያን ሲገባ» ካለው ፲፱፻፳፰ን አወጣን፤ ፱ እና ፳ ተገኙ። «ጃንሆይ ሲመለሱ» ካለው ፲፱፻፴፫ን፣ «አብዮቱ ሲፈነዳ» ካለው ፲፱፻፷፮ን፣ «የሰባ ሰባቱ ረሃብ» ካለው ፲፱፻፸፯ን። ማታ ላይ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተፈቱ። የሀገር ታሪክ ለቤተሰብ ታሪክ ቁልፍ ሆነው።

አንዲት ምልክት ግን እምቢ አለች። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትገኘው። «ትምህርት ቤታችን የተከፈተው» ብሎ አሥራ ዘጠኝ መቶ ይልና፣ ያቺ ምልክት፣ ከዚያ ስምንት። ሌሎቹ አሥሮች ሁሉ ስለታወቁ የቀሩት አርባ ወይም ሃምሳ ናቸው፤ ዘጠና እንዳትሆን አጎቴ ከ1998 ዓ.ም. በፊት ጽፎ ጨርሷል። እንግዲህ 1948 ነው ወይስ 1958? የትምህርት ቤቱ መዝገብ በ1983ቱ ግርግር ጠፍቷል። የወረዳው ሰዎች ዘንድሮ በዓል ማክበር ፈልገው ደውለው ጠየቁን። ስልሳኛው ነው ወይስ ሰባኛው? አንድ ሽማግሌ «ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው» ብለው ይምላሉ፣ ሌላው ሽማግሌ «በኋላ ነው» ብለው ይምላሉ። ያቺ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብላለች እኮ! አልጠፋችም። አጎቴ በትክክል ጽፏታል፣ ታይፒስቷም በትክክል መትታታለች። የምታነብልን ግን የለም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የተገኘው ዩኒኮድ በሚባለው ስምምነት ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር ይኑራቸው፣ ያ ቁጥር በማንኛውም ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ይሁን የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም የእኛን ፊደል አስገባ፤ 345 ፊደላት፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ቦታ አገኙ። እንደ ፍስሐ አትላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች የደከሙበት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608 ናት፣ «ሁ» 4609 ናት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሥዕሉን እንደፈለጋችሁ አሳምሩት፤ ቁም ጽሕፈት አድርጉት፣ አድምቁት፣ አቅጥኑት። ቁጥሯ ግን ያው 4608 ናት።

በእርግጥ ወረቀት ላይ መስማማትና እጅ ላይ መድረስ ይለያያሉ። ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ከነሳጥኑ ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ ግን ከአንዱ ኩባንያ ስልክ የተላከ «እንኳን አደረሳችሁ» በሌላው ኩባንያ ስልክ ላይ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ዱባይም ሆነ ደብረ ብርሃን ያለ አንዳች ችግር ይነበባል። «በምንድን ነው የጻፍከው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህ የክፍትነት ነገር በሃርድዌሩም ታሪክ አለው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ለመፍጠን ብሎ አብዛኛውን ክፍል ከሌሎች ገዛ፤ አንጎሉን ከኢንቴል፣ ዋናውን ሶፍትዌር ከማይክሮሶፍት። አሠራሩንም በመጽሐፍ አሳትሞ ለሁሉም ሸጠ። የራሱ ብሎ የያዘው ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃውን ባዮስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮምፓክ የሚባል ጀማሪ ኩባንያ ምን አደረገ? ባለሙያዎቹን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ፕሮግራሙን እያየ «ይሄ ሲጠየቅ ይሄን ይመልሳል» እያለ ሥራውን ብቻ ጻፈ። ፕሮግራሙን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሁለተኛው ቡድን ያንን ዝርዝር ብቻ ይዞ ከዜሮ አዲስ ሠራ። አልሰረቁም፤ ግን ያው ሥራ ተሠራ። ለአይቢኤም የተጻፈ ፕሮግራም በኮምፓክ ላይም ሄደ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! ከየአቅጣጫው ሠሪው በዛ፣ ዋጋው ወረደ። በየቢሯችን የገባው ኮምፒዩተር የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

አይቢኤም ነገሩ ሲያመልጠው እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲሶቹ ማሽኖቹ ላይ መግቢያውን በፈቃድና በክፍያ አደረገው። ሌሎቹ ግን እሺ አላሉም። በቀጣዩ ዓመት ኮምፓክን ጨምሮ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተሰብስበው ከድሮው ጋር የሚስማማ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ገዢውም ወደ እነሱ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ። የከፈተው በር ከእሱ በኋላም ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንድ ሲስተም ክፍት መሆኑ በምን ይታወቃል ቢባል፣ እኔ እንደገባኝ በአራት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ደንቡ ተጽፎ ማንም ሊያነበው ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ ደንቡን አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ ብቻውን በሌሊት ተነሥቶ ሊቀይረው አይችልም ወይ? ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ያንን ደንብ አንብቦ የራሱን ቢሠራ አብሮ ይሄዳል ወይ? አራተኛ፣ ነገ ልሂድ ብል ንብረቴን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

«ክፍት» ማለት «ልቅ» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። እንዲያውም ክፍት የሆነ ሲስተም ደንቡ ጥብቅ ነው፤ «ሀ» ማንም ሲስቅም ሲያለቅስም 4608 ናት። «ነፃ» ማለትም አይደለም፤ ምጣድ በነፃ አይሰጥም። ደንቡ የማያድግ ነውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶ፣ ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ ቋንቋዎች፣ በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደላት በዩኒኮድ ተጨምረዋል። ሐሳቡ በሥርዓቱ ቀረበ፣ ታየ፣ ገባ። የነበረውን ሳያፈርሱ ቤቱን ማስፋት ይሏል ይሄ ነው።

ዝጉም ቢሆን የራሱ ውበት እንዳለው መካድ አይገባም። ሁሉንም ዕቃ አንድ ሰው ሲሠራው ይገጥማል፣ ያምራል፣ ቶሎ ይሠራል፣ ሲበላሽም የሚጠየቀው አንድ ነው። ጣጣው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሻጩ ሲጠፋ፣ ዋጋ ሲጨምር፣ ወይም ሰዉ «በቃኝ» ሲል። ሰው ደግሞ ሲገዛ ስለ መጨረሻው አያስብም።

አይ፣ የሚያስብ አለ! የኛ እድር።

እድራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው። መዝገቡ በወፍራም ደብተር ነው፤ ማን መቼ ገባ፣ ማን ስንት ወር አልከፈለም፣ ለማን ለቅሶ ስንት ብር ወጣ። በቅርቡ ወጣቶቹ «ወደ ኮምፒዩተር ይግባ» አሉና አንድ ልጅ ከአንድ ሶፍትዌር ቤት መጥቶ በስብሰባ ላይ አሳየን። የሚያምር ነገር ነው። ስም ሲጻፍ ፎቶ ይወጣል፣ ያልከፈለ ሰው በቀይ ይታያል። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው «ይኼማ ግሩም ነው» አሉ። ልንፈርም ስንል ሁላችንም «እትዬ» ብቻ የምንላቸው ገንዘብ ያዣችን ነጠላቸውን አስተካከሉና ልጁን ጠሩት።

«ልጄ፣ አንተ ብትሞትስ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጁ ሳቅ እንደማለት አለ። «እትዬ፣ እኔ ብሞትም ድርጅቱ አለ።»

«እድሜህን ያርዝመው። ድርጅቱስ ቢሞት?»

«መረጃው እዚሁ እናንተ ኮምፒዩተር ላይ ነው ያለው እኮ፤ የትም አይሄድም።»

«መኖሩንስ ይኑር፤ በሌላ ይከፈታል?»

ልጁ ትንሽ አሰበና እውነቱን ተናገረ። «በኛ ሶፍትዌር ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«እንግዲያውስ መዝገቡ የኛ አይደለማ!» አሉ እትዬ። «እኛ እኮ እድር ነን፤ ሰው እንደሚሞት እናውቃለን። ደብተሩን እኔ ብሞት ማንም ፊደል የቆጠረ ያነበዋል።»

እትዬ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። ከዚያ ስብሰባ ሁሉ ግን የክፍት ሲስተምን ነገር የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ልጁም ደግ ልጅ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። መረጃው በየወሩ በተራ ሠንጠረዥ ተገልብጦ በማንኛውም የሒሳብ ፕሮግራም የሚከፈት ፋይል እንዲወጣ አደረገው። የአማርኛው ስም ሁሉ በዩኒኮድ መሆኑን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ፊታችን አሳየ። ውሉ ላይም ተጻፈ። ገዛነው፣ እስካሁንም በደንብ ይሠራል። ሥራው የሁለት ቀን ሥራ እንደነበር ልጁ ራሱ ነግሮኛል። ቀድሞ ያልሠራው ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለኝ።

«ማንም ጠይቆን አያውቅም።» ይቺ ነገር ከረመችብኝ። ክፍት የሆኑት ነገሮች ሁሉ ክፍት የሆኑት አንድ ሰው ስለጠየቀ፣ ስለተሟገተ፣ ወይም ሕግ ስለወጣ ነው። ያንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ላይ አልሠራ ብሎን በዝናብ ስንዞር አልነበር? እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትስዊች ማሽኖቹን ካገናኘ በኋላ ነው የተገላገልነው። ከ09 ወደ 07 ስንደውል የሚነሣልን ሁለቱ ኩባንያዎች መስመራቸውን ስላገናኙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአባል አገሮቹ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች አንድ ዓይነት የቻርጀር መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደ፤ ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ጠቡን ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋቸው ነበር። በአንጻሩ ግን ዛሬም ቴሌግራም ላይ ያለ ሰው ዋትስአፕ ላይ ላለ ወንድሙ እዚያው ሆኖ መጻፍ አይችልም። ኢሜይል ግን ከየትም ወደ የትም ይሄዳል። ልዩነቱ የቴክኒክ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤትም ሆናችሁ ክሊኒክ፣ ማኅበርም ሆናችሁ ሱቅ፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚገባ ነገር ልትገዙ ስትሉ ስለ ቀለሙና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የእትዬን ጥያቄ ጠይቁ። ሻጩ ቢከፋው ይክፋው፤ ጥያቄው መልስ ያለው ሻጭ አይከፋም።

ከዚያም ቤታችሁ ገብታችሁ ያን መሳቢያ ክፈቱት። በየቤቱ አለ። የአባት ማስታወሻ፣ የእናት የሙያ ደብተር ግልባጭ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልታተመ ግጥም፣ በድሮ ፎንት ተጽፎ በፍሎፒ ወይም በሲዲ የተቀመጠ። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፎንቱ በምን ስም ይጠራ እንደነበር የሚያስታውሱት ታይፒስቶችም ገና አልሞቱም። ለሌላ ጊዜ አትበሉት። ዘንድሮ አንድ ትምህርት ቤት ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳያውቅ ልደቱን ያከብራል። ባነሩ ላይ ቁጥሩን ትተው «የምሥረታ በዓል» ብቻ ብለው እንደሚጽፉ ነግረውናል።